ቃሉ ቢወጣ ጨዋታው ይፈርሳልን? ስፖርት ነክ ጨዋታዎች በልጆች የአማርኛ ክፍል

1. መነሻ

ልጆችን በጨዋታ ማስተማር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሮማዊው የንግግር ጥበብ መምህር ክዊንቲሊያን ገና በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሕፃናት ከዝሆን ጥርስ በተሠሩ ፊደላት እየተጫወቱ ፊደል እንዲለዩ መክሯል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞራቪያው ተወላጅ ኮሜኒየስ የትምህርቱን ይዘት ተማሪዎች በሚጫወቱት ተውኔት መልክ አዘጋጅቷል። በእኛም ዘመን ሩጫ፣ ዝላይ፣ ኳስ መቀባበልና የዱላ ቅብብል ወደ ቋንቋ ክፍል መግባታቸው ከዚሁ ረጅም ታሪክ የሚቀዳ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለረጅም ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ይሰለቻል፤ የሰለቸ ልጅ አይሰማም፤ ያልሰማ ልጅ ደግሞ ቋንቋ አይማርም። ስለዚህ ልጁን አስነሥቶ ማስሮጥና ከሩጫው ጋር ቃሉን ማስያዝ ተገቢ መስሎ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታ ለትምህርት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ክርክር እንደገና መክፈት አይደለም። ያ ክርክር ለሥነ ትምህርት ባለሙያዎች ቢተው ይሻላል። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንደመሆኔ የማነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ጨዋታም እንደ ድርሰት ቅርጽ አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻ፣ ሕግ፣ ገጸ ባሕርያት፣ ግጭትና ፍጻሜ አለው። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ቃል የሚቀመጠው የት ነው? የጨዋታው ምሰሶ ነው ወይስ በር ላይ የሚከፈል ቀረጥ?

ይህን ለመለየት አንድ ቀላል መመዘኛ አቀርባለሁ። ቃሉን ከጨዋታው እናውጣው። ልጆቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ያንኑ ጨዋታ እስከ መጨረሻው መጫወት ከቻሉ፣ ጨዋታው ለእግርና ለእጅ ጥሩ ማፍታቻ ሊሆን ይችላል እንጂ የቋንቋ ትምህርት አይደለም። ቃሉ ሲወጣ ጨዋታው የሚፈርስ ከሆነ ግን ልጁ ለመጫወት ሲል መናገር፣ ለመናገር ሲልም መስማት ግድ ይሆንበታል። በእኔ እምነት ልጅን ለቋንቋ የሚያነሣሣው ይህ ግድ ነው።

2. ከክፍል የተወሰዱ ሦስት ጨዋታዎች

ተማሪዎቻችን ለማስተማር ልምምድ በሚወጡባቸው ጊዜያት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ ክፍሎችን ስከታተል ቆይቻለሁ። በተደጋጋሚ ካየኋቸው ስፖርት ነክ ጨዋታዎች መካከል ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዱላ ቅብብል ነው። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። በዱላ ፋንታ ጠመኔ ይያዛል። መምህሩ አንድ ፊደል ይሰጣል፤ ለምሳሌ «በ»ን። የየወገኑ መሪ ሮጦ ሰሌዳው ላይ በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ይጽፋል፤ ተመልሶም ጠመኔውን ለቀጣዩ ያቀብላል። ቀድሞ የጨረሰ ወገን ያሸንፋል። ክፍሉ ይሞቃል፤ ጩኸቱ ከግቢ ይሰማል። ሰሌዳው ላይ የሚቀረው ግን ምንድን ነው? «በግ»፣ «በር»፣ «በሬ»። የጨዋታው ሕግ የሚሸልመው ፍጥነትን ስለሆነ ልጁ የሚመርጠው አጭሩን ቃል ነው። «በረዶ»ን የሚያውቅ ልጅ «በግ» ብሎ ይመለሳል፤ «በራሪ»ን ለመጻፍ የደፈረች ልጅ ደግሞ በወገኖቿ ትወቀሳለች። ሕጉን እንደ ጽሑፍ ብናነበው መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «ጥሩ ቃል ማለት አጭር ቃል ነው» ይላል። የቋንቋ መምህር ይህን ለማስተማር የሚፈልግ አይመስለኝም። በዚያ ላይ የተጻፈውን ማንም አያነበውም። መምህሩ ይቆጥራል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ ሰሌዳው ይጠፋል። በቃሎቹ ፋንታ መስመር ብቻ ቢያሰምሩም ጨዋታው በምንም አይጎድልም።

ሁለተኛው ኳስ መወራወር ነው። መምህሩ «ረጅም» ይልና ኳሱን ይወረውራል፤ የቀለበው ልጅ «አጭር» ይላል፤ በተራውም ሌላ ቃል ብሎ ለሌላው ይወረውራል። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢያንስ ቃል ከቃል ጋር ይገናኛል። ይሁን እንጂ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንዱ ሲናገር ሃምሳ ዘጠኙ ዝም ይላሉ። ኳሱም የሚሄደው ወዳጅ ወዳለበት ነው፤ ዓይናፋሩና ከሌላ አካባቢ የመጣው ልጅ ሰዓቱ እስኪያልቅ ኳስ ሳይነኩ ሊወጡ ይችላሉ። ቃሉን ስናወጣው የሚቀረው መቀላለብ ነው፤ መቀላለብ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚቆም ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው የትእዛዝ ጨዋታ ነው። መሪው «ተነሡ»፣ «ዝለሉ»፣ «ቁሙ» ይላል፤ ሌሎቹ ይፈጽማሉ፤ የተሳሳተ ይወጣል። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ትእዛዙ ካልተነገረ ማን ምን ያደርጋል? ቃሉ ሲወጣ ልጆቹ ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ ከሦስቱ መመዘኛውን የሚያልፈው ይህ ብቻ ነው። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

3. ተነሣሽነት ከየት ይመጣል?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች የሚቀርበው መከላከያ «ልጆቹ እኮ ይወዱታል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይወዱታል። ግን የሚወዱት ምኑን ነው? ሩጫውን የወደደ ልጅ አማርኛን ወደደ ማለት አይቻልም። መድኃኒት በማር ተለውሶ ሲሰጥ ልጁ የሚለምደው ማሩን ነው፤ ማሩ ሲቀር መድኃኒቱን ይተፋል።

በዚህ ረገድ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ሊታወስ ይገባል። ጥናቱ የተካሄደው ከዚያ በፊት በራሳቸው ፍላጎት ሥዕል መሣል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ነበር። ከፊሎቹ ከሣሉ የክብር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ሣሉም፤ ተሸለሙም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ በነጻ የጨዋታ ሰዓት ሲታዩ ግን ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ከውጭ የተንጠለጠለው ዋጋ ከውስጥ የነበረውን ፍቅር ሸረሸረው ማለት ነው።

ከዚህ ጥናት ለእኛ ክፍል በቀጥታ መደምደም አይገባም፤ ሥዕልና ቋንቋ፣ የክብር ወረቀትና የኳስ ጨዋታ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ጥያቄው ይተላለፋል። ኳሱ የቋንቋው ደመወዝ ከሆነ፣ ኳስ በሌለበት ቀን ልጁ ለምን ይናገራል? ሆላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ሁዊዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው የጨዋታ ጥናቱ የጨዋታ የመጀመሪያ ባሕርይ ነጻ ፈቃድ መሆኑን፣ በትእዛዝ የሚደረግ ጨዋታ ጨዋታነቱን እንደሚያጣ አስረድቷል። እንግዲህ መምህር በፊሽካ አስነሥቶ በፊሽካ የሚያስቀምጠው ሩጫ በዚህ ዓይን ሲታይ የተሸፋፈነ የቤት ሥራ ከመሆን ብዙም አያልፍም።

4. የአሸናፊው ዋጋ

ከዚህ ላይ ፊታችንን ወደ ራሳችን የልጆች ጨዋታዎች እናዙር። ይህን የምለው የእኛ የሆነው ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። ለምሳሌ «ሰኞ ማክሰኞ»ን እንውሰድ። መሬት ላይ የተሰመሩት ቤቶች በሳምንቱ ቀናት ስም ይጠሩ እንጂ ስሞቹን ብንተዋቸው ዝላዩ ይቀጥላል። ቀናቱን ለማስታወስ ይረዳ ይሆናል፤ መመዘኛችንን ግን አያልፍም።

ድብብቆሽ ግን ሌላ ነው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ዶሮ ድምፅ ነግቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሚደበቁት ገና መሆኑን ይመልሳሉ፤ ይህ ምልልስ ይደጋገማል። ሥነ ቃልን በምንመረምርበት ዘዴ ክዋኔውን ብንከታተል በዚህ ትንሽ ምልልስ ውስጥ ሁለት ሥራ ተደርቦ እናገኛለን። አንደኛ፣ ቃሉ ጊዜን ይፈጥራል፤ ፀሐይ እያበራች በልጆቹ ስምምነት ሌሊት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚመልስ ልጅ ድምፁ መደበቂያውን ያጋልጥበታል፤ ስለዚህ እንዴት፣ ምን ያህል ከፍ አድርጎ፣ ወደ የት ዞሮ እንደሚመልስ ማሰብ አለበት። ቃሉ ይሸፍነዋልም፣ ያስይዘዋልም። ቃሉ ቢወጣ የሌሊቱ ምናብም፣ የመያዝ ሥጋቱም አብሮ ይጠፋል።

እንቆቅልሽን ስንመለከት የአካል እንቅስቃሴ ባይኖርበትም ለርእሳችን የሚጠቅም አንድ ነገር ይሰጠናል። መላሹ ሲያቅተው ለጠያቂው ሀገር ይሰጣል። ጠያቂው ሀገር ከተሰጠው በኋላ ወዲያው መልሱን አይናገርም። በዚያች ሀገር ያገኘውን ድሎት እየዘረዘረ ለራሱ መልካም መልካሙን፣ ለተሸናፊው የተረፈውን ይመድባል፤ መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ እንበል፤ የአሸናፊው ሽልማት ከረሜላ ወይም ማርክ አይደለም። ሽልማቱ የመናገር ተራ ነው።

ይኸው ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ስፖርት በሆነው በገና ጨዋታ ውስጥም ይገኛል። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ጥንጉን እየመቱ ሁለት ወገኖች ሲጋፉ ውለው አንዱ ሲያሸንፍ፣ አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በቃል ግጥም ያሽሟጥጣል፤ በዚያን ዕለት ትልቅ ትንሹን ቢዘልፍ፣ ትንሹም ትልቁን ቢሸረድድ ቂም እንዳይያዝ ልማዱ ይፈቅዳል። ጡንቻ የሮጠው አፍ እንዲናገር ነው ለማለት ያስደፍራል። በሩጫ ያልታወቀው ልጅ ሳይቀር ግጥም አዋቂ ከሆነ ለወገኑ ተፈላጊ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። በዱላ ቅብብሉ ቃል የሩጫ ክፍያ ነው፤ በገናና በእንቆቅልሽ ግን ሩጫውና ድሉ ለቃል የሚከፈሉ ናቸው። ልጅ ቋንቋን እንዲፈልግ ከተፈለገ ቃል ወደ ጨዋታው ለመግባት የሚከፈል ቀረጥ ሳይሆን በጨዋታው የሚገኝ ሹመት መሆን አለበት።

5. ትእዛዝ፤ የአንድ ፊደል ልዩነት

አሁን ወደ ትእዛዝ ጨዋታ ልመለስ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጀምስ አሸር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው የማስተማሪያ ዘዴ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ እንዲናገር አይገደድም፤ መምህሩ በሚማረው ቋንቋ ያዝዛል፣ ተማሪው በአካሉ ይመልሳል። ሕፃን ከመናገሩ በፊት «ና»፣ «እንካ»፣ «ተው» ሲባል እንደሚፈጽም ሁሉ፣ መስማት ከመናገር ይቀድማል የሚለው ነው መነሻው። ዘዴው በትእዛዝ አንቀጽ ላይ ከመጠን በላይ ይንተራሳል ተብሎ ይተቻል። ይህ ትችት ለእንግሊዝኛ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለአንድም፣ ለብዙም አንድ ቅርጽ ነውና። አማርኛ ግን እንደዚያ አይደለም።

በአማርኛ «ሩጥ»፣ «ሩጪ»፣ «ሩጡ» ብለን ለቅርቡ እናዝዛለን፤ «ይሩጥ»፣ «ትሩጥ»፣ «ይሩጡ» ብለን ደግሞ ለሩቁ እንፈቅዳለን። «ይሩጡ» ለአክብሮትም ያገለግላል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ እንዲህ ሊዋቀር ይችላል። ሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማል፤ እያንዳንዱ ወገን አንድ ወንድና አንዲት ሴት መሪ አለው። አዛዡ ልጅ ፊቱን ወደ አንዱ ወገን አዙሮ ይናገራል። «ሩጥ» ካለ የዚያ ወገን ወንዱ መሪ፣ «ሩጪ» ካለ ሴቷ መሪ፣ «ሩጡ» ካለ ወገኑ በሙሉ ይሮጣል። «ይሩጥ»፣ «ትሩጥ»፣ «ይሩጡ» ካለ ግን የሚሮጠው ከኋላው ያለው፣ ያልተናገረው ወገን ነው። በ«ሩጡ»ና በ«ይሩጡ» መካከል ያለው አንድ ፊደል ሠላሳ ልጅ ያስነሣል ወይም ያስቀምጣል። ያልሰማ ይሸነፋል፤ ፈጣኑ እግር ያለ ጆሮ ዋጋ የለውም።

አሉታውን ስንጨምርበት ደግሞ ቋንቋው ራሱ ወጥመድ ያጠምዳል። «አትሩጪ»፣ «አትሩጡ»፣ «አይሩጥ»፣ «አይሩጡ» ግልጽ ናቸው። «አትሩጥ» ግን ፊት ለፊት ላለው ወንድ ልጅ ነው ወይስ ከኋላ ላለችው ልጅ? ለሁለቱም ያገለግላል። እዚህ ላይ ጠብ መነሣቱ የማይቀር ነው፤ ያ ጠብ ግን የሰዋስው ጠብ ነው። የ«አንተ»ንና የ«እርሷ»ን አሉታ በሰንጠረዥ አጥንቶ የረሳ ተማሪ፣ በዚህ ምክንያት ጨዋታ የተሸነፈ ልጅ እንደሚያስታውሰው አያስታውሰውም።

ግሱን መቀያየርም ይቻላል። «ውሰድ» ለሴት ሲሆን «ውሰጂ»፣ «ያዝ» «ያዢ»፣ «ምታ» «ምቺ»፣ «ዝለል» «ዝለይ» ይሆናል። ድ ወደ ጅ፣ ዝ ወደ ዥ፣ ት ወደ ች፣ ል ወደ ይ የሚለወጥበትን ሥርዓት አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ልጅ ሳያውቀው ያውቀዋል፤ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ ግን በብዙ ይቸገርበታል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ሲስፋፋ፣ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። ለእነዚህ ልጆች በመጀመሪያ መስማትና መፈጸም፣ ቀጥሎ አዛዥ መሆን ተገቢ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ልብ ይባል፤ በዚህም ጨዋታ ሽልማቱ አዛዥነት፣ ማለትም የመናገር ሥልጣን ነው።

ጽሕፈት የማያሳየውን የማጥበቅና የማላላት ጉዳይም በዚሁ መንገድ ማንሣት ይቻላል። «ይመታል» ስንጽፍ መቺውም ተመቺውም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ የሚለያቸው ላልቶ ወይም ጠብቆ መነገሩ ነው። በኳስ ጨዋታ «አበበ ይመታል» ሲባል አበበ ኳሱን ያነሣል ወይስ ይሸሻል? ልጁ በጆሮው ካልለየ በጀርባው ይለየዋል።

6. ክርክር፤ ፊሽካውን ማን ይያዝ?

በሰፈር ሜዳ የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር አያጣም። ዳኛ የላቸውም። ዳኛ ስለሌላቸውም ይከራከራሉ። ግብ ነው፣ አይደለም፤ ነክቶታል፣ አልነካውም፤ መስመሩን አልፏል፣ አላለፈም። ስዊሳዊው ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ የጄኔቭንና የኔሻቴልን ልጆች የብይ ጨዋታ አጥንቶ፣ ትንንሾቹ ሕጉን እንደ ተሰጠ የማይነካ ነገር ሲያዩት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያሉት ግን በስምምነት የሚወጣና የሚለወጥ መሆኑን እንደሚረዱ አሳይቷል። ትልልቆቹ በሕጉ ላይ መከራከሩን ራሱን ይወዱታል።

ይህ ክርክር በቋንቋ ዓይን ሲታይ እጅግ የበለጸገ ነው። ልጁ ያለፈውን ድርጊት በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ምስክር ይጠራል፤ የተቃዋሚውን ቃል ጠቅሶ ያፈርሳል፤ «ቢሆን ኖሮ» ይላል። «ሳልነካው ወደቀ»ና «ነክቼው ወደቀ» የሚለያዩት በአንድ አሉታ ነው፤ በዚያች አሉታ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ከዚህ የተሻለ የትረካና የማሳመን ልምምድ የት ይገኛል? መምህሩ ፊሽካ ይዞ ሲገባ ግን ክርክሩ ይቆማል። ፊሽካ ቃል የለውም፤ ማስረጃም አይጠይቅም።

ስለዚህ ፊሽካው ለልጆቹ ይሰጥ እላለሁ። ከተጫዋቾቹ ውጭ ሦስት ልጆች ዳኞች ይሁኑ። አቤቱታ ያለው ልጅ ጨዋታው ቆሞለት የሆነውን በተሟላ ዐረፍተ ነገር ያስረዳ፤ ተከሳሹም ይመልስ፤ ዳኞቹ ፍርዱን ከነምክንያቱ ይስጡ። ይህ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። «በላ ልበልሃ» የሚባለው የቀድሞ የሙግት ሥርዓታችን ሙግትን የአንደበት ውድድር፣ አድማጩንም የውድድሩ ታዳሚ አድርጎ የያዘ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ይህን በንድፈ ሐሳብ ያውቁታል፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ በሜዳ ላይ ቢሞክረው ግን ማንም አይከለክለውም።

ሌላው የቃል ሥፍራ የጨዋታ ዘጋቢነት ነው። ኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ጨዋታውን ያስተላለፈው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ከጨዋታው እኩል ሲታወስ ኖሯል። ይህ የሚያሳየው ጨዋታን በቃል መከተል ራሱን የቻለ የክዋኔ ጥበብ መሆኑን ነው። በክፍል ውስጥ እግሩን የሚያመው ወይም መሮጥ የማይችል ልጅ ዳር ቆሞ ልብስ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ «ተቀበለ፣ አለፈ፣ አቀበላት፣ ሳተች» እያለ ጨዋታውን የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። በየመሐሉም የቋንቋ ደረጃ ጥያቄ ይነሣል። በሜዳው «በረኛ» የሚባለው በዘገባው «ግብ ጠባቂ» ነው፤ ከጣልያንኛ የመጣው የሰፈሩ «ሪጎሬ» በዘገባው «የፍጹም ቅጣት ምት» ይሆናል። ልጁ የትኛውን ለማን እንደሚናገር ሲመርጥ፣ እኛ በዩኒቨርሲቲ «የቋንቋ አጠቃቀም ዐውድ» ብለን የምናስተምረውን እየሠራ ነው።

7. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አቀራረብ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

አንደኛው፣ «ልጅ መንቀሳቀስ ብቻውን ያስፈልገዋል፤ ሁሉም ሩጫ ለምን በቃል ይመዘናል?» የሚል ነው። ትክክል ነው። ልጅ መሮጥ አለበት፤ ደሙ ሲዘዋወር አእምሮውም ይነቃል። ግን ያን ጊዜ ስሙን እንጥራው፤ ዕረፍት ወይም የሰውነት ማጎልመሻ እንበለው። የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ተብሎ ከተመደበው አርባ ደቂቃ ላይ ሃያውን ወስዶ ሦስት «በግ»ና ሁለት «በር» ማትረፍ ግን ልጁን ይጎዳል፤ በተለይም ከትምህርት ቤት ውጭ አማርኛ የማይሰማውን ልጅ።

ሁለተኛው፣ «የገናው ዘለፋ ክፍል ቢገባ ደካማውን ልጅ ያቆስላል» የሚል ነው። ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። በልማዱ ዘለፋው ቂም የማይያዝበት ቀኑ ስለተለየና ሁሉም ስለተስማማበት ነው፤ ክፍል ውስጥ ያ ስምምነት የለም። ዘር፣ ሃይማኖት፣ ድህነትና የአካል ጉድለት ከግጥሙ እንዲወጡ ልጆቹ ራሳቸው ከጨዋታው በፊት ሕግ ያውጡ። ከዚህም በላይ ተሸናፊው መልስ የመስጠት መብት ይኑረው። በሩጫ የተሸነፈ በግጥም ሊረታ ይችላል፤ እንዲያውም ጥሩ መልስ የመጀመሪያውን ድል ቢያስረሳ ለቋንቋ መምህሩ ትርፍ ነው።

ሦስተኛው የቦታና የብዛት ጉዳይ ነው። ስድሳ ልጅ በአንድ ጠባብ ክፍል እንዴት ይጫወታል? እኔ የማቀርበው አወቃቀር ግን በአንጻሩ ለብዙ ልጅ የሚመች ነው። ሃያው ሲጫወት ሦስቱ ይዳኛሉ፤ አራቱ ያስተላልፋሉ፤ ሌሎቹ ይመሰክራሉ፣ ግጥም ያዘጋጃሉ፣ በኋላም የፍርዱን ቃል በደብተራቸው ይጽፋሉ። የሚያስፈልገው የጨርቅ ኳስና ግቢ ብቻ ነው። ከሯጩ ይልቅ ዳር የቆመው ልጅ ብዙ የሚናገርበት ጨዋታ ለቋንቋ ክፍል የተሠራ ጨዋታ ነው።

8. መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው ስፖርት ነክ ጨዋታ በራሱ የቋንቋ ተነሣሽነት አይፈጥርም፤ የሚፈጥረው ቃሉ በጨዋታው ውስጥ የያዘው ሥፍራ ነው። ቃሉ ሲወጣ ጨዋታው ከፈረሰ፣ የድሉም ዋጋ የመናገር ተራ ከሆነ፣ ልጁ ነገ ኳሱ ባይኖርም የሚናገርበት ምክንያት ይዞ ይወጣል።

ይህ ጉዳይ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ብቻ አይደለም፤ የእኛም የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአበሻን ጨዋታዎችና መዝናኛዎች ሰብስቦ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ የልጆች ጨዋታዎችንና ቃል ግጥሞችን ከየአካባቢያቸው እየሰበሰቡ አምጥተዋል፤ የሰበሰቡትን በይዘትና በቅርጽ ተንትነው መደርደሪያ ላይ አኑረዋል። ከመደርደሪያው ጥቂት መንገድ ርቆ ያለው የሦስተኛ ክፍል መምህር ግን በጠመኔ የዱላ ቅብብል ያጫውታል። በሁለቱ መካከል የጎደለው አንድ ገጽ ነው።

ስለዚህ ወደ ፊት የልጆች ጨዋታ የሚሰበስብ ተማሪ ሁሉ ከግጥሙ ትንተና ቀጥሎ አንድ ገጽ እንዲጨምር ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚያ ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ፤ በጨዋታው ማን፣ መቼ ይናገራል? ያ ቃል በጨዋታው ውስጥ ምን ይሠራል? ቃሉ ቢቀር የሚፈርሰው ምንድን ነው? የክዋኔ ጥናት ተማሪ እነዚህን ለመመለስ ተጨማሪ ጉዞ አያስፈልገውም፤ በማስታወሻው የያዘው ነው። ለመምህሩ ግን የነገ ጠዋት ትምህርቱ ነው።